ክብርት ማን ቀረ

በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት አለች። የእናንተን መሥሪያ ቤት አላውቀውም፤ እሷ ግን እዚያም እንዳለች እምላለሁ። ሌላው ሰው ስብሰባ ሲገባ ደህና ወንበር ይመርጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ሻይ ይኖር እንደሆነ በዓይኑ ይፈልጋል። እሷ ግን የበሩን እጀታ እንደያዘች ትቆምና የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ትታ ባዶውን ቦታ ታያለች። ቀጥላም ያቺን የታወቀች ጥያቄዋን ትጠይቃለች።

«ማን ቀረ?»

የእኛዋ የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አውራ ናት። እናቷ ያወጣችላት ደህና ስም አላት፤ እኔ ግን በመጣች በሳምንቷ «ክብርት ማን ቀረ» ብዬ ሰየምኳት፣ ስሙም ከአፌ ከመውጣቱ ፎቁን ሁሉ አዳረሰው። ደግ አስቤ እንዳይመስላችሁ። ስትሰማ ቅር ይላታል፣ ምናልባትም ጥቂት ቀን አፏን ትዘጋልን ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ሆዬ በሳቅ ፍርስ ብላ «ውይ ጋሼ፣ ሲያምር! ቢሮዬ በር ላይ ልለጥፈው?» አለችኝ። ለጠፈችውም።

ቅናት ነው፤ ምን ያዟዙረኛል። ጎረምሳ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ያለ ቅናት ይዞኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ግን ካልነገርኳችሁ ትፈርዱብኛላችሁ።

ሥራችን ተማሪና አስተማሪ ከአገር ወደ አገር ልኮ ማስተማር ነው። ዓለም አቀፍ የትምህርት ድርጅት ይባላል፤ ሲያዩት ሦስት ፎቅ፣ ጠባብ ደረጃ፣ ብዙ አቃፊና አንድ የማይሠራ የፎቶኮፒ ማሽን ነው። እኔ የጽሑፍ ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። መጽሔቱን አዘጋጃለሁ፣ ለዳይሬክተሩ ንግግር እጽፋለሁ፣ በዓመት አንድ ቀን ደግሞ አጋሮቻችን ከየአገሩ ሲሰበሰቡ ጉባኤውን በንግግር እከፍታለሁ። ዳይሬክተሩ ሰው ፊት ሲቆም ጉሮሮው ይደርቃል፤ አብረን ስላረጀን እሱም አይደብቀኝም። ለዚህ ነው በመሥሪያ ቤቱ «መክፈቻው» የሚሉኝ። ስሙን እወደዋለሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አንድ ዓረፍተ ነገር አታስጨርሰኝም፤ በዓመት አንዲት ቀን ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል። ያቺ ቀን ከተወሰደችብኝ ምን ይተርፈኛል?

እና ስሙኝ፤ ስለ ብዝኃነትና ስለ አካታችነት የድርጅቱን አቋም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ከመማሪያው ገበታ ማንም አይቀርም» ብሎ የሚጀምረውን። ክብርት ማን ቀረ ገና ድርጅታችን የት እንዳለ ሳታውቅ በፊት፣ በመስታወት ተከድኖ ከሦስተኛው ፎቅ ደረጃ አናት ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ቆሞ ያነበዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ማን ጻፈው ይላል፣ ወደ እኔ ያሳዩታል። ቃሉ የእኔ፣ ነጠላ ሰረዙ የእኔ፤ የምትወደደው እሷ! በዚህ የማይንገበገብ ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ልየው።

ልክ እንደመጣች ሰሞን እሷም ከሥሩ ቆማ አነበበችው። ደግማም አነበበችው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት አሉ የጻፉት?»

«እንደነገሩ ሞካከርኩት» አልኩ፣ ትሕትናዬ እንዲታይ ራሴን ደፋ አድርጌ።

«በጣም ያምራል። በተሽከርካሪ ወንበር የምትመጣ ተማሪ ግን እዚህ ድረስ ወጥታ እንዴት ነው የምታነበው?»

«ሊፍት የለንም እኮ። ታች ሆነን እንነግራታለን።»

«ማንም አይቀርም ብለን?»

በማግስቱ ጽሑፌ ምድር ቤት ወረደ። ከመግቢያው አጠገብ፣ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ዓይን በሚመች ቁመት ተሰቀለ። አሁን የራሴን ጽሑፍ ማየት ሲያምረኝ ወገቤን ይዤ ማጎንበስ አለብኝ። ጽዳት ሠራተኞቹ እንዲህ አጎንብሼ ሲያዩኝ የጣልኩትን ነገር አብረውኝ ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ መጽሔቴ ላይ መጣች። በመጽሔቱ ሽፋን ላይ ሁሌም ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ተቃቅፈው ሲስቁ ይታያሉ። እውነቱን ለመናገር ያንን ፎቶ ያነሳነው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ እየቆረጥን እናወጣዋለን። ክብርት ማን ቀረ ፎቶውን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና መሐል ላይ ያለችውን ልጅ በጣቷ እየነካች «ይቺ አሁን የት ናት?» አለች። የት አውቄ! አፈላልጋ ደወለችላት። ልጅቱ ተመርቃ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጇን ትምህርት ቤት አስገብታለች፤ በእኛ ሽፋን ላይ ግን እስከዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። «እንኳን ደወላችሁ፤ ልጄ ትምህርት ቤት ፎቶሽን አየሁት እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ አንድ ቅጂ ላኩልኝ» አለች። ይህን ያህል ዓመት ስትስቅልን ኖራ አንድም መጽሔት አልደረሳትም ነበር። ክብርት ማን ቀረ መጽሔቱን ፖስታ ውስጥ ከታ አድራሻውን እንድጽፍ እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስብሰባውማ አይነሳ። ድሮ ዳይሬክተሩና እኔ ከተቀመጥን ስብሰባ ተጀመረ ማለት ነው። አሁን እሷ በሩ ላይ ትቆማለች። «ማን ቀረ?» «ኧረ ሁላችንም አለን» እላለሁ። «ሾፌሩስ?» ትላለች። ሾፌሩ ስለ ትምህርት ዕድል ምን ያገባዋል? አገባው። ጠርታ አመጣችው፣ ከዳይሬክተሩ ፊት ለፊት አስቀመጠችው፣ ከእኔ ንግግር ቀጥላም «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ግራ ቀኙን አይቶ «ስብሰባው ረዘመ» አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባችን በግማሽ አጠረ፣ የተቆረጠው ግማሽ ደግሞ የእኔው ክፍል ሆኖ ተገኘ።

ሰዉ ወደዳት። ሾፌሩ ወደዳት፣ ጥበቃው ወደዳት፣ በስብሰባ ላይ ድምጿን ሰምተን የማናውቃት ሒሳብ ሠራተኛዋ እንኳ ከእሷ ጋር ካልሆነ ምሳ አልበላም አለች። ባሰብኝና ለባለቤቴ ነገርኩ። «ይቺ ሴትዮ የእግር እሳት ሆነችብኝ» ብዬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። ባለቤቴ ጸጥ ብላ ሰማችኝ፤ መቼም ሰምታኝ አታውቅም፣ አዛኝ መስላኝ ነበር። ለካ እየተማረች ኖሯል። ማታ ራት ቀርቦ እጄን ልዘረጋ ስል «ቆይ፤ ማን ቀረ?» አለችኝ። ልጃችን ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ራቴን ተቀምጬ አየሁት።

የቁልፏ ነገር ግን ከሁሉም ባሰ።

አንድ ጠዋት የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠች። ከዚያ ከከረጢቷ የልብስ ቁልፍ እያወጣች ለያንዳንዳችን ሦስት ሦስት አደለችን፤ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ የልጆች ሸሚዝ ላይ የሚሰፋ ዓይነት። ሕጉ አጭር ነው። የተናገረ ሰው አንድ ቁልፍ ሳህኑ ውስጥ ይጥላል፤ ቁልፉ ያለቀበት ሌላው እስኪናገር ያዳምጣል። «ዝም የሚሉት እንዲናገሩ ነው» አለች። ዓይኗ እኔ ላይ አላረፈም። የሌላው ሰው ሁሉ ዓይን ግን እኔ ላይ ነበር።

የመጀመሪያዋን ቁልፌን እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት አጠፋኋት። ሁለተኛዋን የአጀንዳው ቅደም ተከተል መስተካከል እንዳለበት ለማሳሰብ። ሦስተኛዋን የቁልፉን አሠራር በጽኑ እንደምቃወም ለማስታወቅ። ሻዩ ገና አልቀረበም ነበር።

ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ዘንድሮ የጉባኤው መክፈቻ እንዴት ይሁን? ሁሌ አንድ ሰው ከሚሆን አዲስ ነገር እንሞክር የሚል ሐሳብ መጥቷል» አለ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሾፌር ሦስቱንም ቁልፎቹን በመዳፉ ይዟል። በጠረጴዛው ሥር በክርኔ ነካሁት።

«አንዷን አበድረኝ።»

«ልናገርባት ነው።»

«ምን ልትናገር?»

«እስካሁን አላወቅኩም። ግን የእኔ ናት።»

ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ! የኮቴን የመሐል ቁልፍ ጨብጬ ሳብኩት። ክሩ ጠንካራ ነበር፤ ባለቤቴ የሰፋችውን ነገር ከሞት በቀር የሚፈታው የለም። ሁለተኛ ሳብኩት፣ ጨርቁ ጮኸ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ። ትልቅ ጥቁር ቁልፌን ከነዚያ የሕፃን ቁልፎች መሐል ወረወርኩና «መክፈቻው እንዳለ ይቀጥል!» አልኩ።

ቀድማ የሳቀችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ሳቋን አፍና ልትይዘው ሞክራ አልሆነላትም፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዚያ የራሷን አንድ ቁልፍ ሳህኑ ውስጥ ጥላ «እኔ ደግሞ ጋሼ ሱሪያቸው ላይ ሳይደርሱ ስብሰባው ይብቃ እላለሁ» አለች። እንዲህ ቀልድ ታውቃለች እንዴ? ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀልድ አልሰማሁባትም። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ እኔ በቅናት እርር ድብን አልኩ፤ በዚህ ቤት ሰው ማሳቅ የእኔ ሥራ ነበረ።

ክብርት ማን ቀረ ግን አልሳቀችም። ቁልፌን ከሳህኑ አንስታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። «ተቀብለናል» አለች፤ «ጋሼ ከኮታቸው ከፍለው ነው የተናገሩት።» ስብሰባው ሲያልቅ ቁልፌን ስጠይቃት «አሁንማ የድርጅቱ ንብረት ነው» ብላ ከለከለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቀውም ነበር። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ቀስ በቀስ ነው የሄደው፤ መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሩቅ ያለ ሰው፣ በኋላ ሁሉም። ቀኙም ቢሆን የሚይዘው የቅርብ ሰው ድምፅ ነው፤ ከሩቅና ከስልክ የሚመጣው ይደባለቅበታል። ቤት ውስጥ ባለቤቴ «ቴሌቪዥኑን ቀንስ፣ ጎረቤት ዜና የሚሰማው ከእኛ ቤት ነው» ትለኛለች። ቢሮ ግን ተጠንቅቄ ይዤው ኖርኩ። በስብሰባ ላይ ግራ ጎኔን ከግድግዳው አጣብቄ፣ ከጠረጴዛው ራስ አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስልክ ሲጠራ መውጫዬን አውቃለሁ። ለትምህርት ዕድል የሚያመለክቱትን ልጆች በስልክ ከሚፈትነው ኮሚቴም ሥራ በዛብኝ ብዬ ወጣሁ። እና ብዙ እናገራለሁ። የምናገረው እኔ ከሆንኩ ቢያንስ ወሬው ስለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ጉባኤውስ? ንግግሩን ከወረቀት ነው የማነበው፣ እሱ አያስቸግርም። የሚያስፈራኝ ከንግግሩ በኋላ ከአዳራሹ የሚመጣው ጥያቄ ነው። አምና አንድ ሰው ከኋላ ተነስቶ ጠየቀኝ፤ የሰማሁት የድምፅ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። እንደመጣልኝ አንድ የሚያምር ነገር መለስኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ተረፍኩ። ይህ ነገር ከታወቀ ግን መድረኳ አበቃላት፤ ጥያቄ የማይሰማ ሰው ማን ያቆማል?

አሁን እንግዲህ ግድግዳዬን ስትነጥቀኝ ምን እንደተሰማኝ ይገባችኋል። አንድ ሰኞ ስገባ ረጅሙ ጠረጴዛ የለም። ወንበሮቹ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተደርድረዋል፤ እኔን ከራስ አንስታ ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ጣለችኝ። በግራዬ ሰው የለም፣ ሁሉም በቀኜ ነው። ከዚያ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ ያለ ማይክ አንናገርም» ብላ አወጀች። ለዚህች ክፍል ማይክ! ሠርግ ቤት ነው እንዴ? ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። በጣም የሚገርመው ግን ያን ቀን ሰዉ ሁሉ አፍ ያወጣ መሰለኝ። የሒሳብ ሠራተኛዋን ድምፅ ጥርት አድርጌ ሰማሁት፣ ዳይሬክተሩ ሲናገር ትንሽ እንደሚንተባተብም ያን ቀን አወቅኩ። ከቁልፉ ነው፣ ሰዉ መናገር ለምዶ ነው ብዬ አለፍኩት። በልቤ ግን ጫፍ ላይ መጣሌን አልረሳሁትም።

ጉባኤው ሲቃረብ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ።

«ወዳጄ፣ ዘንድሮ መድረኩን ለሁለት ያዙት። አንተ ትከፍታለህ፤ ጥያቄው ሲመጣ እሷ አብራህ ትቆማለች።»

«ማን ናት እሷ?»

«አታውቃትም?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ተዘረርኩ። ባለቤቴ ቁልፍ የጎደለውን ቦታ አይታ መርፌና ክር አመጣች፤ አታስጠጊኝ አልኳት። «መድረኬን ወሰደችው በቃ» አልኩ። «ዛሬ ግማሹን፣ ከርሞ ሙሉውን።» ባለቤቴ መርፌውን አስቀመጠችና ወደ ቀኝ ጆሮዬ ዞራ «አንተ ሰውዬ፣ ግማሹን ያዘችልህ እንጂ መች ወሰደችብህ» አለችኝ። እንኳን ሊገባኝ፣ ጭራሽ ተናደድኩባት።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ግጥም ብሏል፤ ከመድረኩ ጀርባ ሰፊ ነጭ ሸራ ተወጥሮ የሚባለው ሁሉ በጽሑፍ ይወርድበታል፣ እሱም የእሷው ሥራ ነው። ቁልፍ የጎደለው ኮቴን ለብሼ ንግግሬን አነበብኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ቀን አንብቤም አላውቅ። «ከመማሪያው ገበታ ማንም አይቀርም» ስል ከአጋሮቻችን አንዷ፣ ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ክብርት ማን ቀረ ወጥታ በቀኜ ቆመች። ጥያቄ ሲመጣ «ለሁሉም እንዲሰማ ልድገመው» እያለች ትደግመዋለች፣ እኔ እመልሳለሁ። አንዱን መለስኩ፣ ሌላውን መለስኩ። ላብ የለ፣ ጭንቀት የለ። እንዲያውም ምን ልትሠራ ወጣች፣ እኔው ብቻዬን እበቃለሁ ማለት ጀምሬ ነበር።

ከኋላ አንዲት ወጣት ተነሳች። ማይኩ እጇ ሳይገባ፣ ሸራው ላይም አንድ ቃል ሳይወርድ ተናግራ ጨረሰች። ለእኔ የደረሰኝ ያው ጉርምርምታ ነው። ወደ ቀኜ ዞር አልኩ። ክብርት ማን ቀረ ግን አልደገመችም። ማይኩን በእጇ ሸፍና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ስለ ስልኩ ፈተና ነው። ከፈለጉ እኔ ልመልሰው።»

እኔ ልመልሰው! ይኸው፣ መጣች! ግማሹ አልበቃ ብሏት ሰው ፊት ሙሉውን ልትወስደው ነው! ቅናት ዓይኔን ጋረደው።

«ድገሚው!» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ድገሚው አልኩሽ እኮ።»

ማይኩን አነሳች። ድምጿ ትንሽ ዝቅ ብሏል። «ጥያቄው እንዲህ ነው» አለች። «ከገበታው ማንም አይቀርም ትላላችሁ። አመልካቹን ሁሉ ግን በስልክ ነው የምትፈትኑት። መስማት የሚቸግረው ልጅ ያንን ፈተና እንዴት ያልፋል?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሆን ዓረፍተ ነገር መች አጥቼ አውቃለሁ? «ድርጅታችን በየጊዜው አሠራሩን እየፈተሸ» የሚል አለኝ፣ «ባለድርሻ አካላትን በማስተባበር» የሚል አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ያች ልጅ ከኋላ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ከጎኔ ደግሞ ጥያቄውን የምታውቅ፣ ልትሸፍንልኝ የሞከረች ሴት ቆማለች። ልትነጥቀኝ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ታውቅ ነበር።

«አያልፍም» አልኩ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። በዓመት አንድ ቀን የምወደው ጸጥታ አልነበረም።

«እኔም አላልፍም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ቀኙም የስልክ ድምፅ አይለይም። ስልክ ሲጠራ ከክፍሉ የምወጣ ሰው ነኝ። ከፈተና ኮሚቴው የወጣሁትም ለዚህ ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ፈታኝ የነበርኩት እኔ የማላልፈውን ፈተና ነው ለልጆቹ የምንሰጠው።»

ዳይሬክተሩን ለማየት ፈራሁ። በቃ፣ አበቃ፣ መክፈቻው ዛሬ ተዘጋ አልኩ በሆዴ። ከፊት መነጽራቸውን የጠረጉት ሴትዮ እጃቸውን አወጡ፤ ማይኩ እስኪደርሳቸው ጠብቀው «እኛም በስልክ ነው የምንፈትነው። እስከዛሬ ማንም አልጠየቀንም» አሉ። ሌላው ቀጠለ፣ ሌላው ቀጠለ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ፣ ያ ሰው ፊት ጉሮሮው የሚደርቀው ወዳጄ፣ ራሱ መድረክ ላይ ወጣና ከዘንድሮ ጀምሮ አመልካቹ በአካልም፣ በጽሑፍም፣ በመረጠው መንገድ እንደሚፈተን ተናገረ። ተንተባተበ፤ ግን ተናገረ። ሲወርድ ትከሻዬን ይዞ በቀኝ ጆሮዬ «ከርሞም አንተው ነህ የምትከፍተው፤ እኔ ይህን ስቃይ አልደግመውም» አለኝ።

ሰዉ ወጥቶ ወንበር ሲነሳ ክብርት ማን ቀረን ያዝኳት።

«መቼ አወቅሽ?»

«አምና። ሌላ ድርጅት ውስጥ እየሠራሁ እዚህ ጉባኤ መጥቼ ነበር። ከኋላ ሆኜ የጠየቅኩዎት እኔ ነኝ። ይሄንኑ ጥያቄ።»

«እና ምን ብዬ መለስኩልሽ?»

«ልጅ ሲላክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስላለው ስንብት።» ሳቋን መያዝ አቃታት። «በጣም ያምር ነበር ጋሼ። አልቅሻለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እንግዲያ ወንበሩ፣ ማይኩ፣ ያ ሸራ፣ ሁሉም ለእኔ ነበር?»

«ለሁሉም ነው።»

«ለእኔ ነው እንጂ!»

«ለእርስዎም ነው።»

ይቺ «ም» አልጣመችኝም። «ሌላ ለማን?» አልኳት።

«እሱን አልነግርዎትም» አለች ከረጢቷን እያነሳች። «የእርስዎንም ለማንም አልነገርኩም።»

ልክ ናት። ልክነቷ ግን ቅናቴን አልፈወሰውም፤ እንዲያውም ሌላ ቅናት ጨመረብኝ። አሁን በስብሰባ ላይ ጫፌ ላይ ተቀምጬ ሰዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ቁልፉ ለማን ነው? ስብሰባው ማጠሩስ ለማን ነው? ወንበሩ ትንሽ ከፍ የተደረገለት ማን ነው? ሾፌሩ ይሆን? ከእኔ ይበልጥ ያሰበችለት ማን ነው? እንዲህ እያልኩ ስመረምራቸው እነሱ «ጋሼ ዘንድሮ ማዳመጥ ጀመሩ» ይሉኛል።

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል የጉባኤውን ፎቶዎች ዘርግቼ ሽፋን ልመርጥ ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ አለ፣ ሾፌሩ በክራቫት አለ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ አፏን ከፍታ ስትስቅ አለች፣ እኔማ በብዛት አለሁ። ክብርት ማን ቀረ የለችም። አገላበጥኩ፣ የለችም። አንድ ፎቶ ጥግ ላይ የበር እጀታ የያዘ እጅ ብቻ አለ። ሰው ልትጠራ እየወጣች ነበር። አንጀቴን በላችው፣ ያች እጅ።

ተነስቼ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቅ አልኩ። ሠራተኛውን ሁሉ ከየቢሮው አውጥቼ መግቢያው ላይ፣ ያ የወረደው ጽሑፌ አጠገብ ሰበሰብኳቸው። ጽሑፉ እንዲታይ ሁላችንም ቁጭ ማለት ነበረብን፤ የዳይሬክተሩ ጉልበት ሲንቋቋ እኔ እንኳ ሰማሁት። እሷ እንደልማዷ በሩን ይዛ ቆመች።

«ማን ቀረ?» አለች። «ሾፌሩን ልጥራ?»

«ሾፌሩ ይኸውና። ሁሉም ይኸውና» አልኳት። «የቀረሽው አንቺ ነሽ። ነይ እስቲ ቁጭ በይ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እጀታውን ለቀቀች፣ መጥታ በቀኜ ያስቀመጥኩላት ቦታ ላይ ቁጭ አለች። ፎቶ አንሺው «ዝግጁ?» ሊል ሲል ሒሳብ ሠራተኛዋ በግራዬ በኩል ዞራ መጥታ «ጋሼ፣ እኔም ከእሷ አጠገብ ልሁን፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለችኝ አሉ። ደጋግማም ለምናኛለች አሉ።

በግራ ጆሮዬ በኩል ነበር። አልሰማሁም።